የተንጠለጠለ እግር፦ መነሻው ከጉልበት ሥር የተገኘ የነርቭ ጉዳት (የጉዳይ ጥናት ከጅማ)

ጉዳዩ የተመዘገበበት ምክንያት

እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች አልነሣ ያለው ሰው ለሕክምና ሲመጣ፣ የራሱም ሆነ የቤተሰቡ፣ አንዳንዴም የባለሙያው ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው በቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ወገቡ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ረጅም የነርቭ መንገድ፣ በተለይም ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ያለው ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ፣ ብዙ ጊዜ ሳይዳሰስ ይታለፋል። እዚህ የቀረበው ጉዳይ በጅማ ዙሪያ በቡና ችግኝ ጣቢያ ይሠራ የነበረ አንድ ሰው የገጠመው ነው። ሊጻፍ የሚገባውም ሕመሙ ብርቅ ስለሆነ አይደለም። መነሻው የታወቀው የእግርን አሠራር ተከትሎ በእጅ በመመርመር ስለሆነና፣ መሻሻሉም በአብዛኛው የመጣው ነርቩን ከተጫነው ነገር በማላቀቅ ስለሆነ ነው። ታካሚው ማንነቱ ሳይገለጽ ታሪኩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የሠራበት ጣቢያና የታከመባቸው ቦታዎችም አልተጠቀሱም።

የታካሚው ሁኔታ

ታካሚው በ40ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ሲሆን፣ በከተማው ዳርቻ እየኖረ በቀን ሥራ የሚተዳደር ነው። ቡና ሲደርስ ወደ ማናና ወደ ጎማ ወረዳዎች እየሄደ እሸት ይለቅማል፤ ለቀማው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ችግኝ ጣቢያ ይገባል። ችግኙ በክረምቱ መግቢያ ወደ ማሳ እንዲወጣ፣ አፈር የማዘጋጀቱና በጥቁር የፕላስቲክ ከረጢት የመሙላቱ ሥራ በበጋው ወራት ይከናወናል። ክፍያው የሚታሰበው በተሞላው ከረጢት ቁጥር ነው። ሠራተኛው ቁጢጥ ብሎ አፈሩን ይሞላል፣ በጣቱ ይጠቀጥቃል፣ ከረጢቱን በተርታ ያቆማል፤ ተርታው እየረዘመ ሲሄድ እሱም ሳይነሣ፣ እዚያው በቁጢጡ እየተንፏቀቀ ይከተላል። የለመደ ሰው ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ቀጥ ብሎ ሳይቆም ሊውል ይችላል። ይህ ታካሚም በዚህ ትጋቱ በባልደረቦቹ ዘንድ የተመሰገነ ነበር።

ከዚያ አስቀድሞ በትኩሳት በሽታ ለሳምንታት ተኝቶ ነበር። ምግብ እምቢ ስላለው ክፉኛ ከስቷል፤ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን ሲመጣ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሱ ሁለት አዳዲስ ቀዳዳዎች ይታዩ ነበር። በሕመሙ ጊዜ በቀኝ መቀመጫው ላይ መርፌ ተወግቷል፤ ይህ ዝርዝር ኋላ ላይ ጠቃሚ ሆኗል። ከአልጋ እንደተነሣ፣ በሕመሙ ጊዜ የተበደረውን ለመክፈል ሲል፣ ጉልበቱ ሳይመለስ ወደ ችግኝ ጣቢያ ገባና ከወትሮው የረዘመ ሰዓት ይሠራ ጀመር።

በሥራው ሁለተኛ ሳምንት አንድ ማምሻ ላይ ቀኝ እግሩ ደነዘዘበት። ብዙ ቁጢጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ድንዛዜ ስለመሰለው፣ እግሩን አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ጠዋት ሲነሣ ግን የቀኝ እግሩ ፊት አልነሣ አለው። ነጠላ ጫማው እየሾለከ ከኋላው ይቀራል፣ አውራ ጣቱ ከበሩ ደፍ ጋር ይጋጫል፣ በሲሚንቶ ወለል ላይ ሲራመድ እግሩ ጧ እያለ ይወድቃል። እንዳይደናቀፍ ሲል ቀኝ ጉልበቱን ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ከፍ አድርጎ መራመድ ጀመረ። ሕመም የሚባል ነገር አልነበረውም። በመጀመሪያው ቀን ምን እንደሚሰማው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ዶክተር፣ አያመኝም እኮ፤ ብቻ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።»

ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት የተደረገው

ቤተሰቡ ነገሩን ወለምታ ነው ብሎ አሰበ፤ እግሩ አንድ ቦታ ላይ ሳይታወቀው ታጥፎ ይሆናል በሚል በሰፈሩ የታወቁ ወጌሻ ዘንድ ተወሰደ። ወጌሻው ቁርጭምጭሚቱን በቅቤ አሹት፤ ከዚያም ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ሥር በቀርከሃ ስንጣሪና በጨርቅ ጠፍረው አሠሩት። የላይኛው ቋጠሮ የዋለው ከጉልበት በታች በውጭ በኩል ነበር። እስሩ ሳምንት ያህል ከቆየ በኋላ ባለቤቱ ስትፈታው፣ ቋጠሮው ያረፈበት ቦታ ሰርጉዶና ጠቁሮ አገኘችው። ድንዛዜው በእግሩ ላይኛው ገጽ ላይ እየሰፋ የሄደውም በዚያው ሳምንት እንደሆነ ታካሚው ይናገራል።

ቀጥሎ ወደ አንድ ክሊኒክ ሄደ። ቁርጭምጭሚቱ ራጅ ተነሥቶ ስብራት እንደሌለበት ታየ። የቫይታሚን ቢ መርፌ ተሰጠው፤ ችግሩ የወገብ ዲስክ ሊሆን እንደሚችልም ተነግሮት እንዲያርፍ ተመከረ። ዕረፍቱ በራሱ ከቁጢጥ ስለለየው ጠቅሞታል ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ የተመከረው ለወገቡ ተብሎ ስለነበር፣ ቤት ውስጥ ሆኖ ባቄላ ሲፈለፍልና ልጆቹን ሲያጫውት ቁጢጥ ማለቱን ወይም እግሩን አጣጥፎ መቀመጡን እንዲተው የነገረው ሰው አልነበረም። ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን የደረሰው እግሩ ከተንጠለጠለ አንድ ወር ሊሞላው ሲል ነው።

ጉዳዩን ለመረዳት የሚያስፈልገው የእግር አሠራር

ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለው የእግር ክፍል ሁለት አጥንቶች አሉት። ወፍራሙና ከፊት በቆዳ ሥር ጠርዙ የሚዳሰሰው ቲቢያ አብዛኛውን የሰውነት ክብደት ይሸከማል። በስተውጭ ያለው ቀጭኑ ፊቡላ ከክብደቱ የሚደርሰው ጥቂት ነው፤ ይልቁንም ለብዙ ጡንቻዎች መነሻ ይሆናል፣ ታችኛው ጫፉም የቁርጭምጭሚት ውጫዊ ጉብታ ሆኖ መገጣጠሚያውን ይደግፋል። የፊቡላ ራስ ከጉልበት በታች በውጭ በኩል በጣት ሲፈለግ በቀላሉ የሚገኝ ጉብታ ነው። ከጉብታው ሥር ያለው ቀጠን ያለ ክፍል የፊቡላ አንገት ይባላል።

በጭን ጀርባ የሚወርደው ትልቁ ሳያቲክ ነርቭ አብዛኛውን ጊዜ ከጉልበት ኋላ ትንሽ ከፍ ብሎ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቲቢያል ነርቭ ቀጥ ብሎ በባት ውስጥ ይወርድና ባትን፣ ከባት ሥር ያሉትን ጥልቅ ጡንቻዎችና ውስጥ እግርን ያገለግላል፤ በወፍራም ሥጋ ስለተሸፈነ ከውጭ የሚመጣ ጫና በቀላሉ አያገኘውም። ሁለተኛው የጋራ ፔሮኒያል ነርቭ ግን ወደ ውጭ ያዘነብልና በግድግዳ ጥግ ላይ እንደተጎተተ ገመድ የፊቡላን አንገት ዞሮ ወደ ፊት ይመጣል። በዚህ መታጠፊያ ላይ ከበላዩ ያለው ቆዳና ስስ ስብ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው አጥንት ነው። ጥቂት አለፍ ብሎ ደግሞ ፔሮኒየስ ሎንገስ የተባለው ጡንቻ በሚነሣበት ጠንካራ ቅስት ሥር ይሾልካል። ስለዚህ ከውጭ የሚጫነው ነገር ነርቩን ከአጥንቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ጉልበት እስከ መጨረሻው ታጥፎ ለረጅም ጊዜ ሲቆይም ነርቩ በመታጠፊያው ላይ ይወጠራል፣ በቅስቱም ይጨመቃል። የከሳ ሰው ያችን ስስ የስብ ሽፋን ስለሚያጣ ለጉዳቱ ይበልጥ ይጋለጣል።

የጋራ ፔሮኒያል ነርቭ ፊቡላን ካለፈ በኋላ ጥልቅና ላይኛ በሚባሉ ሁለት ቅርንጫፎች ይከፈላል። ጥልቁ ቅርንጫፍ በቅልጥም ፊት ለፊት ያሉትን ጡንቻዎች ያንቀሳቅሳል፤ ከእነዚህ ዋናው እግርን ወደ ላይ የሚያነሣው ቲቢያሊስ አንቲሪየር ሲሆን፣ አውራ ጣትንና ሌሎቹን ጣቶች የሚያነሡት ጡንቻዎችም የዚሁ ክፍል ናቸው። በስሜት በኩል የሚያገለግለው በአውራ ጣትና በሁለተኛው ጣት መካከል ያለችውን ትንሽ የቆዳ ክፍል ብቻ ነው። ላይኛው ቅርንጫፍ በቅልጥም ውጫዊ ጎን ያሉትን ሁለቱን የፔሮኒየስ ጡንቻዎች፣ ማለትም እግርን ወደ ውጭ የሚያዞሩትን፣ ያንቀሳቅሳል፤ የቅልጥምን የታችኛውን ውጫዊ ጎንና አብዛኛውን የእግር ላይኛ ገጽ ደግሞ ስሜት ይሰጣል።

በዚህ ጉዳይ ላይ ወሳኝ የሆነው ጡንቻ ግን ከእነዚህ ውስጥ አይደለም። ቲቢያሊስ ፖስቲሪየር የተባለው ጡንቻ ከባት ሥር ጠልቆ ይገኛል፤ ጅማቱ ከውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ኋላ ዞሮ ወደ እግር ቅስት ይገባና እግርን ወደ ውስጥ ያዞራል። ከወገብ የሚያገኘው የነርቭ ሥር ከቲቢያሊስ አንቲሪየር ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ሁለቱም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥሮች ይታዘዛሉ። ትእዛዙ የሚደርሰው ግን በሌላ መንገድ፣ በቲቢያል ነርቭ በኩል ነው። አምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር ከምንጩ ቢጎዳ ሁለቱም ጡንቻዎች ይደክማሉ። ጉዳቱ በፊቡላ አንገት ላይ ከሆነ ግን አንቲሪየር ሲደክም ፖስቲሪየር እንደ ወትሮው ይቆያል።

ምርመራው

የጡንቻ ኃይል ከ0 (ምንም መኮማተር የሌለበት) እስከ 5 (ሙሉ ኃይል) ባለው የተለመደ መለኪያ ተመዘነ። በቀኝ እግር ቲቢያሊስ አንቲሪየር 1 ነበር፤ ጡንቻው ሲኮማተር ጅማቱ በጣት ይሰማል እንጂ እግሩን አያነሣም። አውራ ጣትን የሚያነሣው ጡንቻ 0፣ ሌሎቹን ጣቶች የሚያነሡት 1፣ እግርን ወደ ውጭ የሚያዞሩት 2 ሆኑ። እግርን ወደ ታች የሚገፋው የባት ኃይል 5 ነበር፤ በአንድ እግሩ በጣቶቹ ቆሞ ተረከዙን ደጋግሞ ማንሣት ችሏል።

ቲቢያሊስ ፖስቲሪየር የተፈተነበትን መንገድ በዝርዝር መግለጽ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነውና። አንቲሪየርም እግርን ወደ ውስጥ በማዞር ይረዳል። በተጨማሪም የተንጠለጠለ እግር ደጋፊ ስለሌለው ወደ ውስጥ የማዞር ኃይሉ ደካማ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ታካሚው መጀመሪያ እግሩን ወደ ታች እንዲዘረጋ ተደረገ፤ መርማሪው በአንድ እጁ ቅልጥሙን ደግፎ በሌላው እጁ የእግሩን ውስጠኛ ጠርዝ እየተቃወመ ወደ ውስጥ እንዲያዞር ጠየቀው። በዚህ አኳኋን ኃይሉ 5 ሆኖ ተገኘ፤ የጡንቻው ጅማትም ከውስጠኛው ጉብታ ኋላ ተወጥሮ ታየ። በጎኑ ተኝቶ ጭኑን ወደ ላይ ሲያነሣም ከግራው ጋር እኩል ነበር። ይህንን የሚሠሩት የዳሌ ጡንቻዎች በአምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር ላይ የሚመኩ በመሆናቸው ጥንካሬያቸው የወገቡን ጥርጣሬ ይበልጥ አዳከመው።

ስሜት በጥጥና በስንጥር ጫፍ ተፈተነ። በእግሩ ላይኛ ገጽ፣ በቅልጥሙ የታችኛ ውጫዊ ጎንና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣቶች መካከል ቀንሷል፤ ውስጥ እግሩና የትንሿ ጣት ውጫዊ ጠርዝ ደህና ነበሩ። በተረከዝ ጅማት ላይ በመዶሻ ሲመታ ሁለቱም እግሮች እኩል መለሱ። እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲነሣ ከወገብ የሚወርድ ሕመም አልነበረም። የፊቡላ አንገት በጣት ጫፍ ቀስ ተብሎ ሲመታ ግን ታካሚው ደንገጥ ብሎ፣ ከጉልበቱ እስከ እግሩ ገጽ ድረስ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ንዝረት እንደተሰማው ተናገረ። በግራው እግር ላይ ተመሳሳይ ምት ምንም አላመጣም።

በመጨረሻም ጉልበቱ ቀጥ እንዳለ እግሩ በመርማሪው እጅ ወደ ላይ ሲገፋ ከቅልጥሙ ጋር ቀጤ ማዕዘን (90 ዲግሪ) ከሠራበት ቦታ አላለፈም፤ ግራው ግን 15 ዲግሪ ያህል ያልፍ ነበር። በአንድ ወር ውስጥ የተረከዙ ጅማት ማጠር ጀምሯል ማለት ነው። ነርቩ ቢያገግም እንኳ ጅማቱ እንዳጠረ ከቀረ እግሩ ስለማይነሣ፣ ይህ ግኝት ከሌሎቹ ባልተናነሰ አስቸኳይ ነበር።

ሌሎች መነሻዎች የተለዩበት መንገድ

በጣም ያሰብንበት የመርፌው ነገር ነው። በመቀመጫ ላይ በተሳሳተ ቦታ የተወጋ መርፌ ሳያቲክ ነርቭን ሲጎዳ፣ ብዙ ጊዜ ይበልጥ የሚጎዳው ወደ ፔሮኒያል የሚሄደው የነርቩ ክፍል ነው፤ ስለዚህ የሚታየው የእግር መንጠልጠል ከዚህ ጉዳይ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። መርፌውም የተወጋው በዚያው በቀኝ በኩል ነበር። ይሁን እንጂ የመርፌ ጉዳት በአብዛኛው በተወጋበት ቅጽበት ወይም ከጥቂት ሰዓታት በኋላ በኃይለኛ፣ ወደ ታች በሚወርድ ሕመም ራሱን ይገልጣል። ይህ ታካሚ ከመርፌው በኋላ ለሳምንታት ያለችግር ተራምዷል፣ ሥራም ሠርቷል። ባትና ውስጥ እግሩ ሙሉ በሙሉ ደህና መሆናቸው፣ ንዝረቱም በትክክል በፊቡላ አንገት ላይ መገኘቱ ተጨምረው መርፌው ከጥርጣሬ ወጣ። የታሪኩ ቅደም ተከተል በጥንቃቄ ባይጠየቅ ኖሮ፣ መርፌውን የሰጠው ባለሙያ ያለጥፋቱ ሊወቀስ ይችል ነበር።

በአገራችን የፔሮኒያል ነርቭ ሲደክም ሥጋ ደዌ ሳይታሰብ መታለፍ የለበትም፤ በሽታው ይህንን ነርቭ በዚሁ በፊቡላ አንገት ላይ የማጥቃት ልማድ አለውና። የሁለቱም እግሮች ነርቭ ተዳስሶ ውፍረታቸው ተነጻጸረ፤ መላ ቆዳው በብርሃን ታይቶ የደነዘዘ ወይም የነጣ ቦታ ተፈለገ፤ አልተገኘም። የስኳር ምርመራው ደህና ነበር። በአንጎል ወይም በኅብለ ሰረሰር ላይ የሚያመለክት የመገተር ምልክት አልታየም። ቁርጭምጭሚቱም በእጅ ሲንቀሳቀስ ልቅ ወይም የሚያም አልነበረም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ነርቩን ከጫና ማላቀቅ ነው። ቁጢጥ ማለት፣ እግርን በእግር ላይ ማነባበርና ከጉልበት ሥር ማናቸውንም ነገር ማሠር ተከለከለ። ሲተኛ እግሩ ወደ ውጭ ተንጋዶ የፊቡላ አንገት በጠንካራ ፍራሽ ወይም በአልጋ ጠርዝ ላይ እንዳያርፍ፣ ከጭኑ ውጫዊ ጎን የተጠቀለለ ጋቢ እንዲያደርግ ተነገረው። ይህንን ያስረዳነው በቃል ብቻ ሳይሆን ጣቱን ይዘን ራሱ ጉብታውን እንዲያገኝ፣ ባለቤቱም እንድትዳስሰው በማድረግ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ሳይቀሩ «አባባ፣ ቁጢጥ አልክ!» እያሉ ይቆጣጠሩት እንደነበር እየሳቀ ነግሮናል።

ሁለተኛው የጅማቱን ማጠር መግታት ነው። ተቀምጦ ጉልበቱን ዘርግቶ በነጠላ የእግሩን ፊት ወደ ራሱ እንዲስብ፣ በቀን ብዙ ጊዜ እንዲደጋግም ተደረገ። ሌሊት እግሩን ቀጤ ማዕዘን ላይ የሚይዝ፣ ከጀርባ ብቻ የሚደግፍ የጀሶ ድጋፍ ተሠራለት፤ የላይኛው ጠርዙ ከፊቡላ አንገት በደንብ ዝቅ እንዲል ተደርጎ ተቆረጠ።

ሦስተኛው እርምጃ፣ ቀን ቀን ሲራመድ እንዳይደናቀፍ መርዳት ነው። አራተኛው የደነዘዘውን ቆዳ መጠበቅ ነው፤ እግሩ ፍም አጠገብ ሲቀመጥ ሙቀቱን በትክክል ስለማይለይ፣ ቡና በሚፈላበት ጊዜ ከምድጃው ራቅ ብሎ እንዲቀመጥና ማታ ማታ እግሩን አጥቦ እንዲመለከት ተመከረ። ጡንቻዎቹ መነቃቃት ሲጀምሩ የማጠናከሪያ እንቅስቃሴ በየደረጃው ተጨመረ። የጠፋው ክብደት እንዲመለስም ስለ ምግቡ ከባለቤቱ ጋር ተነጋገርን።

የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ቢደረግለት የጉዳቱን መጠን በትክክል ያሳይ ነበር። ለዚያ ግን 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርበት ነው፤ የሚሄድበት ገንዘብ ደግሞ አልነበረውም። የሚጠብቀው የማገገም ዕድል ጥሩ ስለነበር፣ እግሩ ከተንጠለጠለበት ቀን ጀምሮ እስከ ሦስተኛው ወር ፍጻሜ ድረስ ምንም የመነቃቃት ምልክት ካልታየ ወይም ድካሙ ከባሰ ሳይዘገይ ለምርመራና ለቀዶ ሕክምና አስተያየት እንዲላክ ከሐኪሙ ጋር ተስማማን። ቀኑም በካርዱ ላይ ተጻፈ።

የሠራውና ያልሠራው

መጀመሪያ የተሰጠው ከፕላስቲክ የተሠራ፣ ከውስጥ እግር እስከ ባት የሚደርስ ድጋፍ ለዚህ ሰው አልሆነም። በመሠረቱ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ በክፍላችን ወለል ላይ አረማመዱን ወዲያውኑ አስተካክሎለታል። ነገር ግን ቦት ጫማው ውስጥ አይገባም፣ በነጠላ ጫማ ደግሞ አይያዝም፤ በላብና በአቧራ የደነዘዘውን የእግሩን ገጽ መፋቅ ጀመረ። ታካሚው ለእኛ እያከበረን ዝም አለ፤ ድጋፉን ለክትትል ሲመጣ ብቻ እንደሚያጠልቀው የሰማነው ከባለቤቱ ነው።

በምትኩ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ተጠቀምን። አንዱ ጫፍ በጫማው ክር ቀዳዳዎች ላይ ታሰረ፣ ሌላው ጫፍ በባቱ መካከል ከሚጠመጠም ሰፊ የጨርቅ ቀበቶ ጋር ተያያዘ። ላስቲኩ እግሩ ሲነሣ ፊቱን ይስባል፣ ሲረግጥ ደግሞ ይለቃል። ቀበቶው ወደ ላይ ቢንሸራተት የሚያርፈው በዚያው በተጎዳው ነርቭ ላይ ስለሆነ፣ ከፊቡላ ራስ እስከ ቀበቶው ቢያንስ አራት ጣት እንዲኖር ታካሚው በየጠዋቱ በራሱ እጅ እንዲለካ ተደረገ። መልኩ አያምርም፤ ግን እስከ መጨረሻው የለበሰው ይህንን ነው።

የኤሌክትሪክ ማነቃቂያ ለጥቂት ጊዜ ሞከርን። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ሰውየው በባጃጅ ከፍሎ መጥቶ በባዶ ይመለስ ጀመር፤ የሚጨምረው ጥቅምም ለድካሙ የሚመጥን ሆኖ ስላልታየን ተውነው። የቫይታሚን መርፌውንም ሐኪሙ እንዲቆም አደረገ፤ የቫይታሚን እጥረት ምልክት አልነበረውም።

በሥራ ቦታው በኩል የተገኘው ውጤት የተደባለቀ ነው። መጀመሪያ የታሰበው አጭር በርጩማ ነበር፤ ጅማ በበርጩማ አትታማም። ነገር ግን በርጩማው በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ጉልበቱ ከዳሌው በላይ ታጥፎ ቀረ። ከፍ ያለው በርጩማ ደግሞ ከመሬት ያለውን ተርታ አያደርስም። በመጨረሻ የጣቢያው ኃላፊ ከእንጨት የወገብ ከፍታ ያለው መደብ አሠርተው፣ አፈሩ እዚያ ላይ ቆመው እንዲሞላና ከረጢቱ በሣጥን ወደ ተርታው እንዲወሰድ ፈቀዱ። ለታካሚው ተስማሚ ሆኗል። ሌሎቹ ሠራተኞች ግን ማመላለሱ ጊዜ ይወስዳል፣ የከረጢቱ ቁጥር ይቀንሳል ብለው አብዛኞቹ ወደ ቁጢጣቸው ተመልሰዋል። ክፍያው በቁጥር እስከሆነ ድረስ ምክር ብቻውን እንደማያስነሣቸው ግልጽ ነው።

ወጌሻውን ያነጋገርናቸው በታካሚው አማካይነት ነው። ተግሣጽ ሊደርስባቸው መስሏቸው ነበር መሰለኝ፣ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። የፊቡላን ጉብታ በራሳቸው እግር ላይ አግኝተው በጣታቸው ሲጫኑትና ንዝረቱ ሲሰማቸው ግን ነገሩ ገባቸው። ቋጠሮን ከዚያ ቦታ እንደሚያርቁ፣ እግሩ የሚንጠለጠል ሰው ሲመጣም ሳያሥሩ እንደሚልኩ ቃል ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ልከዋል።

ውጤቱ

በሁለተኛው ወር መገባደጃ ላይ እግርን ወደ ውጭ የሚያዞሩት ጡንቻዎች ከ2 ወደ 4 ከፍ አሉ፤ ቲቢያሊስ አንቲሪየርም እግሩን ያለ ጫና በከፊል ማንሣት ጀመረ። በሦስተኛው ወር ፍጻሜ አንቲሪየር 4 ደረሰ፣ ላስቲኩም በሜዳ ላይ አላስፈለገም። ስለዚህ ወደ አዲስ አበባ መላኩ ቀረ። በስድስተኛው ወር አረማመዱ ከውጭ ለሚያየው ሰው ምንም አይለይም ነበር፤ የተረከዙ ጅማት ርዝመትም ከግራው ጋር ተስተካክሏል። አውራ ጣቱን የሚያነሣው ጡንቻ ግን 4 ላይ ቆሟል፤ በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው ቆዳም አሁንም በከፊል የደነዘዘ ነው።

ይህ አካሄድ ስለ ጉዳቱ ዓይነት ይናገራል። በጫና የነርቩ ሽፋን ብቻ ሲጎዳ ማገገሙ ከሳምንታት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይጠናቀቃል። የውስጡ ክር ከተቋረጠ ግን በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እያደገ ስለሚሄድ፣ ከጉዳቱ ቦታ የራቁት ጡንቻዎች ዘግይተው ይነቃሉ። የዚህ ታካሚ ጉዳት የሁለቱ ድብልቅ ይመስላል፤ ቅርብ ያሉት ጡንቻዎች ፈጥነው መነቃታቸው፣ በቅልጥሙ ታችኛ ክፍል ያለው የአውራ ጣት ጡንቻ ወደኋላ መቅረቱም ከዚህ ጋር ይስማማል።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚያገለግለው

እግሩ ለተንጠለጠለ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደደከመ ብቻ ሳይሆን ምን እንዳልደከመ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከደከሙት ጡንቻዎች ይልቅ ብዙ የነገረን ጠንክሮ የቆየው ቲቢያሊስ ፖስቲሪየር ነው። ፈተናው ደቂቃ አይፈጅም፣ በጤና ኬላም ሊደረግ ይችላል፤ ግን እግሩ ወደ ታች ተዘርግቶ መፈተን አለበት። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው፤ ሕመም፣ እብጠትና አደጋ በሌለበት ቁርጭምጭሚት ላይ የሚነሣ ራጅ ደህና መሆኑ ነገሩን ወደፊት አያራምደውም።

ስለ አቀማመጥ በዝርዝር መጠየቅ ያስፈልጋል። «ምን ይሠራሉ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ሲሠሩ እንዴት ነው የሚቀመጡት፣ እስኪ ያሳዩኝ» ማለት ይሻላል። አረም የሚነቅሉ፣ ችግኝ የሚያፈሉ፣ ቡና መሬት ላይ ቁጢጥ ብለው የሚለቅሙ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ለሰዓታት የሚቀመጡ ሰዎች ሁሉ ለዚህ ነርቭ ጉዳት የተጋለጡ ናቸው። በቅርቡ በሕመም፣ በጾም ወይም በሌላ ምክንያት የከሱ ከሆነ አደጋው ይጨምራል። ከረጅም ሕመም ያገገመ ሰው ወደ ሥራ ሲመለስ ይህንን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ጥሩ ነው።

ጀሶ፣ የቀርከሃ ስንጣሪ፣ የድጋፍ ቀበቶ፣ ረጅም ካልሲ፣ ምንም ይሁን ምን ከጉልበት በታች የሚያልቅ ነገር ሁሉ የላይኛ ጠርዙ የት እንደሚያርፍ መታየት አለበት። ጀሶ ያደረገ ሰው አውራ ጣቱን ማንሣት ካቃተው ወይም የእግሩ ገጽ ከደነዘዘ፣ እስኪነጋ ሳይጠበቅ ጀሶው መከፈት ይኖርበታል።

ቤት ውስጥ ሆኖ መጠበቅ የሚቻለው የእግር መንጠልጠሉ በአንድ ወገን ሲሆን፣ ያለ አደጋ ሲመጣና በምርመራ መነሻው ሲታወቅ ነው። ድካሙ በሁለቱም እግሮች ከሆነ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ ድንዛዜ ካለ፣ ወይም ከመውደቅና ከመመታት በኋላ ቅልጥሙ ተወጥሮ የእግር ጣቱ በእጅ ሲንቀሳቀስ የማይቻል ሕመም ካመጣ፣ ታካሚው በዚያው ዕለት ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መላክ አለበት።